ታክሲው ለምን ቶር ኃይሎች ላይ ያወርደናል? የተቋማት ኢኮኖሚክስን ለፖሊሲ ችግር የመጠቀሚያ ዝርዝር መመሪያ

በየቢሮው የሚጻፉ የመፍትሔ ሐሳቦች አብዛኞቹ በሦስት ቃል ያልቃሉ፤ «ቁጥጥሩ ተጠናክሮ ይቀጥላል»። ትንሽ ከረዘሙ «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይሰጣል» ይጨመርባቸዋል። ማን ነው የሚቆጣጠረው? ለመቆጣጠር ምን ያወጣል? ባይቆጣጠርስ ምን ይቀርበታል? ይኼ አይጠየቅም። የተቋማት ኢኮኖሚክስ ሥራው እነዚህን ጥያቄዎች ማንሳት ነው።

ንድፈ ሐሳቡን ለማንበብ ጊዜ ይኖራችኋል። ለመጀመር ይህቺ ትበቃለች። እ.ኤ.አ. በ1993 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት የተጋራው ዳግላስ ኖርዝ ተቋማትን እንደ ጨዋታ ሕግ ነው የሚያያቸው። ሕጉ የተጻፈ ይሆናል፤ አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ። ያልተጻፈም ይሆናል፤ ልማድ፣ ይሉኝታ፣ የዕቁብ ዳኛ ቃል። ሦስተኛው ነገር ማስፈጸሚያው ነው። ቢሮው፣ ማኅበሩ፣ ድርጅቱ ደግሞ ተጫዋቾች ናቸው። ሰዎች ክፉ ስለሆኑ ሳይሆን ሕጉና ማስፈጸሚያው ወደዚያ ስለሚገፋቸው የሚያደርጉት ነገር ብዙ ነው። ወደየት እንደሚገፋቸው ማወቅ ደግሞ ይቻላል።

እዚህ አንድ ችግር ይዘን እስከ መጨረሻው እንሄዳለን። አዲስ አበባ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማታ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የሚኒባስ መስመር ማቆራረጥ። እናንተ ሌላ ችግር ካላችሁ፣ የቤት ኪራይም ይሁን የመንገድ ዳር ፓርኪንግ፣ በየደረጃው የራሳችሁን እየተካችሁ ተከተሉ። የሚያስፈልጋችሁ ማስታወሻ ደብተር፣ ሰዓት የሚይዝ ስልክ፣ ጥቂት የሥራ ቀን ምሽቶችና ትዕግሥት ነው።

1. ችግሩን ፎቶ ማንሳት እስኪቻል ድረስ አጥብቡት

«የትራንስፖርት እጥረት» ችግር አይደለም፣ ርዕስ ነው። እንዲህ ብላችሁ ከጀመራችሁ መደምደሚያችሁ «አውቶቡስ ይገዛ» ይሆናል። ሊሆን ይችላል፤ ግን ለዚያ ጥናት አያስፈልግም ነበር።

ማን፣ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ያደርጋል? እንዲህ ጻፉት፦ «በሥራ ቀን ከ11 ሰዓት እስከ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ፣ ታፔላው ሜክሲኮ–አየር ጤና የሚል ሚኒባስ ተሳፋሪውን መንገድ መሀል ቶር ኃይሎች ላይ አውርዶ ባዶውን ወደ ሜክሲኮ ይመለሳል፤ ወይም እዚያው ላይ ሁለተኛ ሒሳብ ይጠይቃል።» አሁን አንድ ሰው አለ፣ አንድ ድርጊት አለ፣ አንድ ቦታ አለ። ቆሞ መቁጠር ይቻላል።

ዓረፍተ ነገራችሁ ውስጥ «እጥረት»፣ «ብልሹነት»፣ «የአመለካከት ችግር» የሚሉ ቃላት ካሉ ሰርዙና እንደገና ጀምሩ። በተለይ የመጨረሻውን። እኔ ሪፖርት ውስጥ «የአመለካከት ችግር» ሳይ ጸሐፊው ቦታው ድረስ እንዳልሄደ እጠረጥራለሁ።

2. የተጻፈውን ሕግና የሚሠራውን ሕግ ጎን ለጎን አስቀምጡ

ገጹን ለሁለት ክፈሉት። በግራ በኩል የተጻፈው ይግባ። ታሪፉ፣ የስምሪት መስመሩ፣ የመጫን ልኩ፣ የቅጣት መመሪያው፣ የታክሲ ባለንብረቶች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ፣ የተራ አስከባሪዎቹ ማኅበር ደንብ። አዋጅ ከነጋሪት ጋዜጣ ይገኛል። መመሪያ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሰው በመጠየቅ ነው። ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ ውጡ፤ «እንዲህ ይላል አሉ» አይበቃም።

በቀኝ በኩል ደግሞ የሚሠራው ይግባ። አንድ ነገር የሚሠራ ሕግ መሆኑን የምታውቁት በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ብትጥሰው ምን ትሆናለህ?» ሹፌሩ «ምንም» ካለ ወረቀት ላይ ያለ ነገር ነው። «ኧረ እንዴት ተደርጎ!» ካለ ሕግ ነው፤ የትም ባይጻፍ እንኳ።

ይኼን ጥያቄ ሜክሲኮ ላይ ሞክሩት። ተራ የሚጥስ ሹፌር ምን ይሆናል? ተራ አስከባሪው በሩን ይዞ አያስጭነውም። ከኋላ ያሉት ሹፌሮች ጥሩንባ ይነፋሉ፣ ይወርዳሉ፣ ይጮኻሉ። ነገ ደግሞ እዚያው ተራ ላይ ይገናኛሉ። ታፔላውን ጥሶ ቶር ኃይሎች ላይ የሚያወርደውስ? ብዙውን ጊዜ ምንም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። የዚህ መመሪያ ዋና ነጥብ እዚህ ናት። ሁለቱም ሕጎች ያሉት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ሹፌሩም ያው ነው። አንዱ ይከበራል፣ ሌላው አይከበርም። የሚከበረው መንግሥት ያልጻፈው ነው። ልዩነቱ ያለው ተጎጂው ጋ ነው። ተራ ሲጣስ የሚጎዳው ከኋላ የቆመው ሹፌር ነው፤ እያየ ነው፣ ነገም አለ፣ አጠገቡ ደጋፊ አለው። መስመር ሲቆረጥ የሚጎዳው ተሳፋሪ ነው፤ ተበሳጭቶ ይወርዳል፣ ሌላ ታክሲ ፍለጋ ይሮጣል፣ አብረውት የወረዱትን አሥራ አንድ ሰዎች ዳግመኛ አያያቸውም። ጥፋቱን የሚያይ ሰው የማስቆም አቅም የለውም፤ አቅም ያለው ደግሞ ቶር ኃይሎች ላይ የለም።

የቤት ኪራይ የምታጠኑ ከሆነ በዚሁ መንገድ ሂዱ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል፣ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ መጠየቅን ይከለክላል፣ የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያደርጋል። ይኼ የግራው ዓምድ ነው። ለቀኙ ደላላ ጠይቁ። ሦስት ደላላ ከጠየቃችሁ አንድ ቢሮ ሙሉ ሰው ከሚነግራችሁ የበለጠ ታውቃላችሁ።

3. ገንዘቡን ተከተሉ፣ ውሉን ጻፉ

አሁን ሰዎቹን ዘርዝሩ፤ ባለንብረት፣ ሹፌር፣ ረዳት፣ ተራ አስከባሪ፣ የስምሪት ተቆጣጣሪ፣ ትራፊክ፣ ተሳፋሪ። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ሁለት ነገር ጻፉ። የሚከፈለው በምንድን ነው? በቀን ነው፣ በሰው ነው፣ በጭነት ነው ወይስ በወር ደመወዝ? ሲበላሽ ደግሞ ኪሳራው የማን ነው?

በብዛት የምታገኙት ውል ይኼ ነው። ሹፌሩ ለባለንብረቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል። ነዳጁን ይሞላል፣ ረዳቱን ይከፍላል። የተረፈው የራሱ ነው። ይኼ ውል ለባለንብረቱ ምቹ ነው፤ ሹፌሩን መቆጣጠር አያስፈልገውም፣ ማታ ገቢውን ይቀበላል። ለሹፌሩ ግን እያንዳንዷ ደቂቃ ከኪሱ የምትወጣ ናት ማለት ነው። ገቢውን እስኪሞላ ለባለንብረቱ ይሠራል፤ ለራሱ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። «ከዚያ በኋላ» የሚባለው ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥራ መውጫው ጋር ይገጥማል።

ስሌቱን እንሥራው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው ያስቀመጥኳቸው፤ የዕለቱን ታሪፍና የለካችሁትን ሰዓት እናንተ አስገቡ። ሚኒባሱ 12 ሰው ይጭናል እንበል። እስከ አየር ጤና 30 ብር፣ እስከ ቶር ኃይሎች 20 ብር ይሁን። ታሪፉ በኪሎ ሜትር እርከን ስለሚወጣ አጭሩ መንገድ በኪሎ ሜትር ሲታሰብ ውድ ሊሆን ይችላል። በመጨናነቁ ሰዓት አየር ጤና ደርሶ ባዶ ለመመለስ 75 ደቂቃ፣ ቶር ኃይሎች ደርሶ ለመመለስ 30 ደቂቃ ይፈጅ።

ቀጥታ ከሄደ 12 በ30፣ 360 ብር በ75 ደቂቃ ያገኛል። በደቂቃ 4 ብር ከ80 ሳንቲም ነው። ከቆረጠ 240 ብር በ30 ደቂቃ ነው፤ በደቂቃ 8 ብር። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ቀጥታው ሁለት ምልልስ ይሆናል፣ 720 ብር። ቆራጩ አምስት ይመላለሳል፣ 1,200 ብር። ልዩነቱ በአንድ ምሽት 480 ብር ነው። ልብ በሉ፣ ከታሪፍ በላይ አንድም ሳንቲም አልጠየቀም።

ለምን እንዲህ ሆነ? ታሪፉ የሚከፍለው ለኪሎ ሜትር ነው፤ ማታ ሹፌሩን የሚያስከፍለው ግን ደቂቃ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሁለቱ አይራራቁም፤ ስለዚህ ያን ሰዓት ያው ሹፌር ያለምንም ጭቅጭቅ አየር ጤና ያደርሳችኋል። የሹፌሩ አመለካከት ከአራት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተቀየረ የሚል ካለ ያስረዳን።

አሁን የተለመደውን መፍትሔ በዚሁ ስሌት ፈትኑት። ቅጣቱ 1,000 ብር ቢሆንና ከአሥር ምሽት አንዱን ቢያዝ፣ በምሽት የሚደርስበት ኪሳራ በአማካይ 100 ብር ነው። ጥቅሙ 480። እንዳያዋጣው ከተፈለገ ከሁለት ምሽት አንዱን ያህል መያዝ አለበት። ስንት ተቆጣጣሪ ይፈልጋል? ቅጣቱን ወደ 5,000 ማውጣት ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ነገር ግን ቅጣቱ በከበደ ቁጥር የያዘውና የተያዘው በመሀል የሚስማሙበት ቦታም ይሰፋል። 1,000 ብር ለመሸሽ የሚሰጠው «የሻይ» እና 5,000 ብር ለመሸሽ የሚሰጠው አንድ አይደለም። ቅጣት ይጨመር ስትሉ ይኼንን ዋጋ አብራችሁ አስቡ።

ከሁሉም በላይ ግን ተራ አስከባሪውን በደንብ ጠይቁ። ከታክሲው የሚቀበለው በቀን አንድ ጊዜ ነው ወይስ በእያንዳንዱ ጭነት? በጭነት ከሆነ አምስት ጊዜ የሚመለስ ታክሲ ሁለት ጊዜ ከሚመለሰው ይሻለዋል። ሜክሲኮ ላይ ሥርዓት የማስከበር ጉልበት ያለው ብቸኛ ሰው መስመር ሲቆረጥ የሚጠቀም ሰው ሆነ ማለት ነው። ይኼን አንድ መረጃ ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ ከኔ ጥሩ ማርክ ያገኛል።

ለመጠየቅ ደግሞ ሰዓት ምረጡ። ማታ ሰልፍ ላይ ሹፌር አታናግሩ፤ አይመልስላችሁም፣ ልክም ነው። ከምሳ በኋላ፣ ተራ ይዞ ቁጭ ባለበት ሂዱ። «ስንት ታገኛለህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ገቢ ስንት ነው አሁን?» በሉ። ስለ ባለንብረቱ ገቢ ማማረር ሁሉም ይወዳል፤ ከዚያ ራሱ ይዘረዝረዋል።

4. ተጎጂዎቹ ለምን አይስማሙም? የግብይት ወጪውን ፈልጉ

ኢኮኖሚስቱ ሮናልድ ኮዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ያነሳው ሐሳብ ለዚህ ይሆናል። ሰዎች ያለ ወጪ መደራደር ቢችሉ ኖሮ ሁለቱንም የሚጠቅም ስምምነት ባላመለጣቸው ነበር። ስምምነቱ ካልመጣ መደራደሩ ራሱ ያስወጣል ማለት ነው፤ የግብይት ወጪ የሚባለው ይኼ ነው። ስለዚህ ወጪው የት እንዳለ ፈልጉ፤ መረጃ ማግኘት ላይ፣ መስማማት ላይ ወይስ ስምምነቱን ማስከበር ላይ?

ቶር ኃይሎች ላይ የሚታየውን እንመልከት። ታክሲው ይቆማል። ረዳቱ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» ይላል። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ሁላችንም እኮ አየር ጤና ነን፤ አሥር አሥር እንጨምርልህና ቀጥታ ሂድ» ይላሉ። ረዳቱ ሹፌሩን ያያል። ሹፌሩ በመስታወት ተሳፋሪውን ይቆጥራል። ስምምነቱ ሊያልቅ ነው። ከኋላ አንድ ልጅ፣ «ታሪፉ ይታወቃል፣ አልጨምርም» ይላል። ሌላኛውም «እኔም» ይላል። ሦስተኛዋ ዝም ብላ በሩን ትከፍታለች። አለቀ፤ ሁሉም ይወርዳል።

ልጁ አልተሳሳተም፤ ሕጉ ከሱ ጋር ነው። ሴትየዋም አልተሳሳቱም፤ ወርደው ሌላ ታክሲ ሲይዙ ከአሥር ብር በላይ ይከፍላሉ፣ ሰዓታቸውም አለ። ወጪው የት እንዳለ ግን ግልጥ ብሎ ታየ። ተሳፋሪው አዲስ ነው፣ አይተዋወቅም። ሁሉም ካልተስማማ አይሆንም። የሚስማሙበት ዋጋ ሕገ ወጥ ስለሆነ ሹፌሩ ተቀብሎ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቢቀይር የሚከሱበት የለም። ዕቁብ ውስጥ ዋስ አለ፣ ዳኛ አለ፣ ሰው በሰፈር ይታወቃል። ሚኒባስ ውስጥ ከነዚህ አንዱም የለም። መፍትሔያችሁ ከነዚህ ወጪዎች ቢያንስ አንዱን ማውረድ አለበት። ምንም የማያወርድ መፍትሔ መግለጫ ነው።

5. የቱን ፎቅ ነው የምትነኩት?

ኢኮኖሚስቱ ኦሊቨር ዊሊያምሰን ተቋማትን እንደ ፎቅ ከላይ ወደ ታች በአራት ደረጃ ይከፍላቸዋል። ላይኛው ባህልና እምነት ነው፤ ለመቀየር ከመቶ እስከ ሺህ ዓመት ይፈጃል። ቀጥሎ ሕገ መንግሥት፣ የንብረት ሕግ፣ የፍርድ ቤት ሥርዓት አለ፤ አሥርት ዓመታት። ከዚያ ውልና አስተዳደር፤ ከአንድ እስከ አሥር ዓመት። ከታች ዋጋና መጠን አለ፤ በየቀኑ ይለዋወጣል።

ይኼ የሚጠቅመው ራስን ለመግታት ነው። ሁለተኛው ፎቅ ሲነካ ምን እንደሚመጣ አዲስ አበባ ታውቃለች። በአዋጅ 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ከገበያው እጅግ ዝቅ ብሎ ስለቆየ፣ ፒያሳና መርካቶ ላይ ልዩነቱ «የቁልፍ» በሚል በግለሰቦች መካከል ይከፈል ጀመር። ከአዋጁ ስንትና ስንት ዓመት በኋላ። እናንተ በአንድ ማስታወሻ ያን ፎቅ አትነኩትም። የሜክሲኮው ችግር ሦስተኛው ላይ ነው፤ ውሉና የተራ አስተዳደሩ። ከአራተኛው ደግሞ ታሪፉ። እዚያው ቆዩ።

6. አማራጮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ፣ ከህልም ጋር አይደለም

ሃሮልድ ዴምሴትዝ የሚባል ኢኮኖሚስት ያለውን ጎደሎ አሠራር ከማይገኝ ፍጹም አሠራር ጋር ማወዳደርን አጥብቆ ይተቻል። እኛ ጋ ይኼ በሽታ «የውጭ ተሞክሮ» በሚል ስም ይመጣል። ተሞክሮ ስታመጡ የተሳካውንም የከሸፈውንም አምጡ።

የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ችግር ነበረባት። ሹፌሮች የሚከፈላቸው በተሳፋሪ ቁጥር ስለነበር መንገድ ላይ ይሻሙ ነበር፤ ሕዝቡ «የሳንቲም ጦርነት» ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ትራንስሚሌኒዮ የሚባለው የአውቶቡስ ሥርዓት ሥራ ሲጀምር ኦፕሬተሮቹ በሚነዱት ኪሎ ሜትር ይከፈላቸው ጀመር። ሽሚያው በዚያ መስመር ላይ ጠፋ። ሁሉም የሚያወራው ስለ አውቶቡሶቹና ስለ ልዩ መንገዱ ነው፤ እኔ ግን ውሉን አብልጬ አያለሁ። የቺሊዋ ሳንቲያጎ ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2007 የከተማዋን አውቶቡስ በአንድ ጀምበር ወደ አዲስ ሥርዓት አሻገረች። ኩባንያዎቹ አብዛኛው ገቢያቸው ዋስትና ያለው ስለነበር አውቶቡስ የማውጣት ጉጉት አልነበራቸውም። ሕዝቡ ፌርማታ ላይ ቀረ። ሁለቱም ከተማ ውል ቀየረ። አንዱ ለሥራ ከፈለ፣ ሌላው ለመኖር ከፈለ።

ወደ ሜክሲኮ እንመለስ። በእኔ ግምት ሊታዩ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው።

አንደኛው የመውጫ ሰዓት ታሪፍ ነው። ከ11 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ረዥሙ መስመር ላይ ጭማሪ ይደረግ፣ ግን ተሳፋሪው የሚከፍለው መጨረሻው ላይ ደርሶ ሲወርድ ብቻ ይሁን። በምሳሌያችን ቀጥታውና አጭሩ በደቂቃ እኩል እንዲሆኑ ታሪፉ 50 ብር መግባት አለበት፤ ይኼ ከበደ። የቅጣቱ ፍርሃት፣ የሹፌሩ ድካምና ነዳጁ ሲታሰብ ምናልባት 40 ይበቃ ይሆናል። ተሳፋሪው አሁንም ቢሆን ሲቆረጥበት እስከ ቶር ኃይሎች 20፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ 20፣ በድምሩ 40 ይከፍላል እንበል። ጭማሪው ተራ ሰው ኪስ ላይ ነው የሚያርፈው፤ ይኼን ደብቃችሁ አትጻፉ።

ሁለተኛው የተራ አስከባሪውን አከፋፈል መቀየር ነው። ሜክሲኮ ላይ በጭነት ከሚቀበል፣ ታክሲው አየር ጤና ደርሶ ከዚያ ተራ ማረጋገጫ ይዞ ሲመለስ ይቀበል። ማረጋገጫው ካርኒም ቢሆን፣ በስልክ የሚላክ ቁጥርም ቢሆን ግድ የለኝም። ወጪው ትንሽ ነው፣ አዲስ ሰው አይቀጠርም፣ ያለውን ጉልበት አቅጣጫ ያስቀይረዋል። እኔ ከዚህ እጀምር ነበር።

ሦስተኛው ነዳጅ ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የሕዝብ ትራንስፖርት ተሽከርካሪዎች በቴሌብር የሚፈጸም የታለመ የነዳጅ ድጎማ ተጠቃሚ ተደርገው ነበር። እንዲህ ያለ ድጎማ ከተሽከርካሪው ጋር ሲታሰር መስመሩን ጨርሶም ቆርጦም ያው ነው የሚያገኘው። ከምልልሱ ጋር ቢታሰር ሌላ ነገር ነበር። ችግሩ ምልልሱን ማን ይቆጥራል የሚለው ላይ ነው። መቁጠር ካልተቻለ ተዉት።

አራተኛው ቆራጩን ሕጋዊ ማድረግ ነው። ቀላል ባቡሩ ሜክሲኮን አልፎ ቶር ኃይሎች ድረስ ይሄዳል። ባቡሩ በበቂ ቢመላለስ ኖሮ ማታ ከሜክሲኮ እስከዚያ ያለውን ሰው ለሱ ትቶ ታክሲዎችን ከቶር ኃይሎች ወደ አየር ጤና ማሰለፍ ይቻል ነበር። «ቢሆን ኖሮ» ላይ የቆመ ሐሳብ ስለሆነ መጀመሪያ ባቡሩን በሰዓት ለኩ።

ኤሊኖር ኦስትሮም በስዊዘርላንድ ግጦሽ፣ በስፔን የመስኖ ቦይ፣ በጃፓን ደን ላይ ረዥም ዕድሜ ያላቸውን የጋራ አስተዳደሮች አጥንታለች። ከዊሊያምሰን ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤሉን ስትጋራ በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ካገኘቻቸው ስምንት መርሆዎች ሦስቱን እያንዳንዱ አማራጭ ላይ ሞክሩ። ጠባቂው ተጠሪነቱ ለተጠቃሚው ነው ወይ? ቅጣቱ ከቀላል ጀምሮ እያደገ የሚሄድ ነው ወይስ በአንዴ የሚያደቅ? ጠብ ሲነሳ እዚያው በርካሽ የሚፈታበት ቦታ አለ? ሜክሲኮ ላይ ሦስተኛው ፈጽሞ የለም። የተቆረጠበት ሰው ቅሬታውን የሚናገርበት፣ ሹፌሩም «መንገዱ ተዘግቶ ነው» ብሎ የሚከራከርበት ቦታ ቢኖር ግማሹ መንገድ ይሄድ ነበር።

7. ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሩት

አንድ መስመር፣ ጥቂት ሳምንታት። ጎን ለጎን ምንም ያልተነካ ተመሳሳይ መስመር ምረጡ፤ ሜክሲኮ–ጀሞ ሊሆን ይችላል። ከመጀመራችሁ በፊትም ቁጠሩ፣ በሙከራው ጊዜም ቁጠሩ። ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ሰሞን፣ በበዓል ዋዜማ፣ በከባድ ዝናብ ወር አትጀምሩ፤ ውጤቱ የናንተ ይሁን የዝናቡ አይታወቅም።

የምትለኩት ነገር ላይ ተጠንቀቁ። የተቀጣ ታክሲ ብዛት ለካችሁ ማለት ቅጣት አመረታችሁ ማለት ነው። ሁለት ነገር ይበቃል፤ ከሜክሲኮ ተነሥቶ ሳይወርድ አየር ጤና የደረሰ ሰው ብዛት፣ ሰልፍ ላይ የቆየበት ደቂቃ። ሁለቱ ሊጋጩ ይችላሉ። ታክሲዎቹ ረዥሙን መንገድ ሲሄዱ ወደ ሜክሲኮ ቶሎ ስለማይመለሱ ሰልፉ ሊረዝም ይችላል። ይኼ እውነተኛ ዋጋ ነው፤ ሲመጣ አትደንግጡ፣ ቁጥሩን አስቀምጡ። ሙከራው ከመጀመሩ በፊትም «ይህን ካየን እንተወዋለን» የምትሉትን ውጤት ጽፋችሁ አስፈርሙ።

8. ማስታወሻውን ጻፉ

ሁለት ገጽ። የመጀመሪያው መስመር የሚጠየቀውን ውሳኔ ይያዝ፤ ማን፣ ምን፣ ከመቼ ጀምሮ። ታሪክና መግቢያ አያስፈልገውም፤ የሚወስነው ሰው ራሱ ማታ እዚያ መንገድ ላይ ተዘግቶበት ነው የሚያመሸው። ቀጥሎ የስሌቱ ሠንጠረዥ፣ ቀጥሎ ማን እንደሚጎዳ። የመጨረሻው ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በጭነት ይቀበል የነበረ ተራ አስከባሪ ገቢው ይቀንስበታል፤ ማካካሻ ካልታሰበለት ሐሳባችሁ ሜክሲኮ ላይ በሁለተኛው ቀን ይቀበራል፣ ማንም ሳይቃወመው።

ረቂቁን ለቢሮ ከማስገባታችሁ በፊት ለአንድ ሹፌር፣ ለአንድ ባለንብረትና ለተራ አስከባሪዎቹ ሰብሳቢ አንብቡላቸው። «ጥሩ ነው» ካሏችሁ አልገባቸውም ወይም ሊሸኟችሁ ነው። «እሱን እኮ እንዲህ አድርገን እናልፈዋለን» ካሏችሁ ቡና ጋብዟቸው፣ እንዴት እንደሚያልፉት በዝርዝር ጻፉና ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተመለሱ።